ቃሉ የት ላይ ይቆረጣል?
ኤጲስ ቆጶስ፣ ማይክሮስኮፕና የጉማራ ውኃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐሙሲትን አልፎ ወረታ ከመድረሱ በፊት የጉማራን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥቶ፣ የደራንና የፎገራን ወረዳዎች ውኃ ሰብስቦ ጣና ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ጉማራና ርብ ከመውረጃቸው ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ሰብልና ከብትም ጠፍቷል። እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። በአንበሳሜ፣ በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ምን ያህል ዝናብ ይጥላል? የጣለው ዝናብ በስንት ሰዓት ሜዳው ላይ ይደርሳል? ዝናቡና የወንዙ ከፍታ የተለኩባቸው መሣሪያዎችስ እውነቱን ይናገራሉ ወይ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ሳይንስ ሚቲዎሮሎጂ፣ ሁለተኛውን የሚመልሰው ሃይድሮሎጂ፣ ሦስተኛውን የሚመልሰው ሜትሮሎጂ ይባላል። ነገር ግን በአገራችን የዕለት ተዕለት ንግግር፣ አንዳንዴም በጽሑፍ፣ የመጀመሪያው ሳይንስ ስም አጥሮ «ሜትሮሎጂ» ሲባል ይሰማል። በዚህም ምክንያት የአየር ጠባይን የሚያጠናውና ልኬትን የሚያጠናው፣ ሁለት የተለያዩ ሳይንሶች፣ በአንድ ስም ይጠራሉ። ከአንበሳሜ አካባቢ የመጣ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ «መምህር፣ ሜትሮሎጂ ማለት የልክ ሳይንስ ከሆነ ዝናብን ምን አግብቶት ይተነብያል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተማሪው ቃሉን በትክክል ቆርጦ ፍቺውን አግኝቷል፤ ስሕተቱ ቀድሞ ቃሉን ካሳጠረው ሰው ዘንድ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከግሪክኛ ሥር የተሠሩ የእንግሊዝኛ የሳይንስ ቃላት እንዴት እንደሚከፈሉ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም እንዲህ ያለ ቃል ሁለት ስፌት እንዳለው ማሳየት ነው። አንዱ የድምፅ ስፌት ነው፤ ሌላው የፍቺ ስፌት ነው። ሁለቱ ስፌቶች ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይውሉም።

ሁለቱ ስፌቶች

ቴርሞሜትር የሚለውን ቃል እንመልከት። ግሪኮች ለሙቅ ነገር «ቴርሞስ»፣ ለልክ ደግሞ «ሜትሮን» ይላሉ። ስለዚህ ቃሉ በፍቺ ሲከፈል «ቴርም» እና «ሜትር» የሚሉ ሁለት ሥሮች ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለችው «ኦ» ሁለቱን የምታያይዝ ድምፅ እንጂ የራሷ ፍቺ የላትም። እንግሊዛዊው ግን ቃሉን ሲጠራው እንዲህ አይከፍለውም። እርሱ «ተር-ሞም-ኢ-ተር» ብሎ፣ የድምፁን ጫና «ሞም» ላይ ያሳርፋል። በዚህ አከፋፈል «ሜትር» የሚለው ሥር ለሁለት ተሰንጥቆ፣ መነሻው «ም» ከፊተኛው ክፍል ጋር ሄዷል። ቃሉን በጆሮው ብቻ የተማረ ሰው ልክ የሚለውን ሐሳብ በውስጡ ሊሰማው አይችልም።

ይህ የሚሆነው በዘፈቀደ አይደለም። በሎጂ፣ በግራፊና በመሳሰሉት የሚጨርሱ የእንግሊዝኛ ቃላት የድምፅ ጫናቸውን ከመጨረሻው ተነሥቶ ሲቆጠር ሦስተኛ በሆነው የድምፅ ክፍል ላይ ያሳርፋሉ። የሰዋስው ሊቃውንት ይህን የድምፅ ክፍል «ቀለም» ይሉታል። ባዮሎጂ «ባይ-ኦል-ኦ-ጂ» ተብሎ ሲነገር ጫናው «ኦል» ላይ ነው። በፍቺ ግን ሕይወት ማለት የሆነው «ባዮስ» እና ቃል ወይም ንግግር ማለት የሆነው «ሎጎስ» ናቸው የተገናኙት፤ ስለዚህ «ል» የሁለተኛው ሥር ንብረት ነው። ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ጫናው መጀመሪያው ላይ በመሆኑ «ፎቶ» እና «ግራፍ» ሳይነኩ ይሰማሉ። ያው ቃል መጨረሻው ተለውጦ የሙያው ስም ሲሆን ግን «ፈ-ቶግ-ራ-ፊ» ይባላል፤ ጫናው ሲዛወር ስፌቱም አብሮት ተዛውሯል።

የመሣሪያና የመለኪያ አሃድ ልዩነትም በዚሁ ይታወቃል። ቴርሞሜትር፣ ባሮሜትርና ሃይግሮሜትር መሣሪያዎች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ጫናው ከ«ሜትር» በፊት ባለችው «ኦ» ላይ ያርፍና ሥሩን ይሰነጥቀዋል። ሴንቲሜትርና ሚሊሜትር ግን አሃዶች ናቸው፤ ጫናቸው መጀመሪያው ላይ ስለሆነ «ሜትር» ሳይሰነጠቅ ይሰማል። ኪሎሜትርም አሃድ እንደመሆኑ እንደነዚህ ሊነገር ሲገባው፣ ብዙዎች በመሣሪያዎቹ ስም ልማድ ተስበው ጫናውን «ሎ» ላይ ያሳርፉታል። በብሪታንያ አጻጻፍ ደግሞ የአሃዱ «ሜትር» እና የመሣሪያው «ሜትር» በፊደል አቀማመጥ ጭምር ይለያያሉ።

ቃል በመስመር መጨረሻ ላይ በሰረዝ ሲቆረጥ የትኛውን ስፌት እንደሚከተል በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል ራሱ ሁለት ልማድ አለ። የአሜሪካ መዝገበ ቃላት በአመዛኙ ድምፅን ይከተላሉ፤ የብሪታንያ ልማድ ደግሞ የቃሉን አመጣጥ የበለጠ ይመለከታል። ስለዚህ ተማሪው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል በአንድ ቦታ፣ በሌላው መጽሐፍ በሌላ ቦታ ተቆርጦ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባም።

ስፌቱ በፊደላችን ሆድ ውስጥ

ቃሉ በፊደላችን ሲጻፍ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የላቲን ፊደል ተነባቢንና አናባቢን ለየብቻ ስለሚጽፍ በሁለቱ መካከል መቁረጥ ይቻላል። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አዋሕዶ ይይዛል። ቴርሞሜትር በሚለው ቃል ውስጥ «ሞ» የምትለው ፊደል ሁለት ባለቤቶች አሏት፤ «ም» የመጀመሪያው ሥር ናት፣ «ኦ» ደግሞ አያያዧ ናት። የፍቺው ስፌት የሚያልፈው በአንዲት ፊደል ሆድ ውስጥ ስለሆነ በዓይን አይታይም። የጥንት ጸሐፍት መስመር ሲሞላባቸው ቃሉን ያለ ምንም ሰረዝ ከየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጠው ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግሩት ነበር፤ ለዓይን ያለው መቁረጫ በፊደልና በፊደል መካከል ብቻ ነበርና።

ይህ ማለት ግን አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ዓይነቱ ስፌት እንግዳ ነው ማለት አይደለም። «ቤቴ» ስንል «ቴ» የምትለው ፊደል ግማሿ የቤት፣ ግማሿ የባለቤቱ መሆኗን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። «ሰበረ»፣ «ስብራት»፣ «ሰባራ»፣ «ተሰባበረ» ከሚሉት ቃላት ውስጥ ማንም ሳያስተምረን «ስ-ብ-ር» የሚለውን ሥር እናወጣለን። ልዩነቱ የእኛ ሥር አናባቢዎችን በመካከሉ እያስገባ የሚለዋወጥ ሲሆን፣ የግሪክኛው ሥር ግን እንደ ሰንሰለት አንዱ ከሌላው ኋላ እየተቀጠለ መሄዱ ነው። ሥርን ከድምፅ ለይቶ የማየት ችሎታው ግን ቀድሞውኑ በእጃችን ነው።

ከአክሱም ዘመን ጀምሮ

ግሪክኛ ለአገራችን አዲስ እንግዳ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐውልት ላይ ሲያስጽፍ ከግዕዙ ጎን ግሪክኛ ነበረ፤ የአክሱም ነገሥታት ገንዘብም የግሪክኛ ጽሑፍ ነበረበት። የግዕዝ ቁጥሮች መልካቸውን ያገኙት ከግሪክ ፊደላት ነው። «ጰ» እና «ፐ» የተባሉት ፊደላት ደግሞ ከፊደል ገበታው መጨረሻ ላይ የተጨመሩት ከግሪክኛ የመጡ ቃላትን ለመጻፍ ነው። ስለዚህ የግሪክኛን ቃል በእኛ አፍ ስንቆርጥ የቆየነው ከ1,500 ዓመት በላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ምሳሌ ኤጲስ ቆጶስ ነው። ቃሉ በግሪክኛ «ኤጲ» እና «ስቆጶስ» ነው፤ «ኤጲ» በላይ ማለት ሲሆን «ስቆጶስ» ተመልካች ማለት ነው፤ በአንድነት ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ ማለት ይሆናል። እኛ ግን በሁለት ቃል ስንጽፈው የምንቆርጠው ከ«ስ» በኋላ ነው። ምክንያቱ ድምፅ ነው። ቋንቋችን ሁለት ተነባቢ ተከታትሎ ቃል እንዲጀምር አይወድም፤ ስፖርት የሚለውን ቃል በንግግር «እስፖርት» የምንለውም ለዚህ ነው። «ስቆጶስ» ብሎ መጀመር ስላስቸገረ «ስ» ከቀደመው ክፍል ጋር ተጣብቃ ቀረች። ይህች «ስ» ወደ ቦታዋ ስትመለስ አስደናቂ ዝምድና ይገለጣል። ትንሽ ነገርን የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ፣ ሩቁን የሚያሳየው ቴሌስኮፕና በየሀገረ ስብከቱ የሚሾሙት ኤጲስ ቆጶስ በአንድ ሥር የሚገናኙ ናቸው፤ ሁሉም ይመለከታሉ። «ኤጲ» ደግሞ ከመሬት መንቀጥቀጥ መነሻ በላይ ያለውን የምድር ገጽ በሚያመለክተው «ኤፒሴንተር» ውስጥ ዛሬም ይኖራል።

ሲኖዶስም እንዲሁ ነው። «ሲን» አብሮ፣ «ሆዶስ» መንገድ ማለት ነው፤ በአንድ መንገድ መገናኘት፣ ጉባኤ ማለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1834 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ ኤሌክትሪክ ወደ ፈሳሽ ውስጥ የሚገባባቸውንና የሚወጣባቸውን ጫፎች ለመሰየም የካምብሪጁን ሊቅ ዊልያም ሂዩወልን አማከረ። የተገኙት ስሞች አኖድና ካቶድ ነበሩ። «አና» ወደ ላይ፣ «ካታ» ወደ ታች ማለት ሲሆን፣ የሁለቱም ቃላት መጨረሻ ያው «ሆዶስ» ነው፤ የላይ መንገድና የታች መንገድ። የሲኖዶስንና የአኖድን «ኖ» ብናስተያይ ስፌቱ በሁለቱም ዘንድ በዚያችው ፊደል ሆድ ውስጥ ማለፉን እናያለን፤ «ን» የፊተኛው ሥር፣ «ኦ» የመንገዱ ሥር ናት።

ወንጌል በግሪክኛ «ኤው» እና «አንጌሊዮን» ነው፤ «ኤው» መልካም፣ «አንጌሊዮን» ዜና ማለት ነው። ያ «ኤው» በግዕዝ አፍ ወደ «ወ» ተለውጧል፤ በእንግሊዝኛ አፍ ደግሞ «ዩ» ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሡት «ዩትሮፊኬሽን» የሚለው ቃል የሚጀምረው በዚሁ ሥር ነው። «ትሮፌ» ምግብ ማለት ነውና ቃሉ መልካም መመገብ ማለት ይሆናል። ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለአረሙ መልካም ምግብ ነው፤ ለሐይቁና ለዓሣ አጥማጁ ግን መልካም አይደለም።

ለፊዚክስ መምህር ልዩ ትርጉም ያለው ደግሞ ፊሳልጎስ ነው። ስለ እንስሳት፣ ስለ ዕፀዋትና ስለ ድንጋዮች እየተናገረ መንፈሳዊ ምሳሌ የሚያወጣው ይህ መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። የግዕዙን ጽሑፍ ፍሪትስ ሆመል እ.ኤ.አ. በ1877 በላይፕሲግ አሳትሞታል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝኛ አቅርበውታል። ስሙ በግሪክኛ «ፊሲዮሎጎስ» ነው፤ «ፊሲስ» ተፈጥሮ፣ «ሎጎስ» ንግግር ማለት ነውና ስለ ተፈጥሮ የሚናገር ማለት ነው። የፊዚክስ ስምም ከዚሁ «ፊሲስ» የወጣ ነው። ግዕዙ «ፊሲዮሎጎስ» የሚለውን ጨምቆ «ፊሳልጎስ» ማለቱ፣ እኛ ሚቲዎሮሎጂን «ሜትሮሎጂ» ካልነው ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ልዩነቱ ፊሳልጎስ ሲጨመቅ ከሌላ ቃል ጋር አለመጋጨቱ ነው።

ስሕተቱ ዋጋ ሲያስከፍል

በተሳሳተ ቦታ መቁረጥ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሄሊኮፕተር የሚለውን ቃል ፈረንሳዊው ጉስታቭ ፖንቶን ዳሜኩር እ.ኤ.አ. በ1861 ሲፈጥር ጠመዝማዛ ከሚለው «ሄሊክስ» እና ክንፍ ከሚለው «ፕቴሮን» ነበር የሠራው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን በ«ፕት» የሚጀምር ድምፅ ስለማይመቸው ቃሉን «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ብሎ ቆረጠው፤ ከዚያም ለማረፊያው «ሄሊፖርት» የሚል ስም አወጣለት። የኤጲስ ቆጶስ «ስ» እና የሄሊኮፕተር «ፕ» ዕጣቸው አንድ ነው።

ሄሊኮፕተርን በተሳሳተ ቦታ መቁረጥ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳም አለ። «ሃይፖ» ከበታች፣ «ሃይፐር» ከበላይ ማለት ነው። በሕክምና ሃይፖግላይሴሚያ የደም ስኳር ከልክ በታች መውረዱ ሲሆን፣ ሃይፐርግላይሴሚያ ከልክ በላይ መውጣቱ ነው። ለአንዱ ስኳር በፍጥነት ይሰጣል፤ ለሌላው ስኳሩን የሚያወርድ ኢንሱሊን ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱን ስሞች እንደ ረጅም ዜማ በቃሉ ያጠና ተማሪ አንድ ቀን ሊያቀያይራቸው ይችላል። የበታችንና የበላይን ቃል በውስጣቸው የሚያይ ግን የመሳት ዕድሉ ይቀንሳል።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። በአማርኛ ሲማር የቆየ የአንበሳሜ ወይም የወረታ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቃላት ይዘንቡበታል። ብዙው ተማሪ መፍትሔ የሚያደርገው ሽምደዳን ነው። የተሸመደደ ቃል ግን ፈተናው ሲያልፍ ይጠፋል።

እንዴት እንቁረጥ?

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት ለተማሪውም ለመምህሩም የሚጠቅም ቀላል አካሄድ ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ ቃሉን ከመጨረሻው መጀመር ነው። መጨረሻው «ሎጂ» ከሆነ ጥናት፣ «ሜትር» ከሆነ ልክ፣ «ስኮፕ» ከሆነ ማያ፣ «ግራፍ» ከሆነ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ነው። ሁለተኛ፣ አያያዧን «ኦ» መፈለግና ለብቻዋ ማስቀመጥ ነው፤ ከእርሷ በፊት የሚቀረው የመጀመሪያው ሥር ይሆናል። ሦስተኛ፣ የተገኘውን ሥር በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ ነው፤ መመሳሰል ያታልላልና። ሜትሮፖሊስ በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ሜትር» ልክ ሳይሆን እናት ማለት ነው፤ ቃሉም እናት ከተማ ማለት ነው። ሚቲዎሮሎጂ ውስጥ ያለው ሥር ደግሞ «ሜቴዎሮስ» ነው፤ በአየር ላይ ከፍ ብሎ ያለ ማለት ነው። አርስቶትል ስለ ዝናብ፣ ስለ ነፋስና ስለ መብረቅ የጻፈውን መጽሐፍ በዚሁ ሥር ሰይሞታል፤ ተወርዋሪ ኮከብም በእንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

በአማርኛም መንገዱ ክፍት ነው። ሊቃውንቶቻችን «ሥነ» በሚለው ቃል እየተጠቀሙ ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ምድር፣ ሥነ ፈለክ ብለዋል። ልኬትን የሚያጠናው ተቋማችን ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት፣ የአየር ጠባይን የሚያጠናው ደግሞ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት መባላቸው ሁለቱን ሳይንሶች በግልጽ ይለያል። የሚቀረው በንግግራችንም «ዎ»ን አለመዋጥ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። የቃሉ ሥር ስሙን ያወጣው ሰው ያሰበውን ይነግረናል እንጂ ተፈጥሮ የግድ እንዲያ ናት አይልም። የእኛው «ደም ማነስ» ከግሪክኛው «አኒሚያ» የተሻለ ትክክል ነው፤ የግሪክኛው ደም አልባነት ማለት ነውና። አቶምም «አ» እና «ቶሞስ» ከሚሉት የተሠራ ሲሆን የማይቆረጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ሲያገኝ የማይቆረጠው ነገር ክፍል እንዳለው ታወቀ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ቃሉን ስንናገረው በድምፁ ስፌት እንክፈለው፤ ስንረዳው ግን በፍቺው ስፌት እንፍታው። አንባቢ ራሱን መፈተን ቢፈልግ ሁለት መሣሪያዎችን እንስጠው፤ ሃይግሮሜትርና ሃይድሮሜትር። «ሃይግሮስ» እርጥብ፣ «ሃይድሮ» ውኃ ማለት ነው። ሩዙን አጭዶ ለማድረቅ የሚጠባበቅ የፎገራ ገበሬ በአየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ለማወቅ ቢሻ የትኛውን ይጠይቅ? የፈሳሽን እፍጋት የሚለካውስ የትኛው ነው? በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ብቻ ናት። የጉማራን ውኃ ከፍታ የሚመዘግብ፣ በአንበሳሜ ዝናብ የሚለካ፣ መለኪያውን የሚፈትሽ ወጣት ነገ ከነዚሁ ተማሪዎች መካከል ይወጣል፤ የሚሠራበትን ሳይንስ ስም በትክክል ቆርጦ የሚያውቅ እንዲሆን ሥራው ዛሬ በክፍል ውስጥ ይጀመር።